ረቂቅ ተሕዋስያንና የመድኃኒት ዕፀዋት፦ ከሥር እስከ ፋብሪካ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የእንጀራ ሊጥ በእርሾ ይቦካል፤ ወተት በቅል ውስጥ ይረጋል፤ የማር ብርዝ ጌሾ ገብቶበት ጠጅ ይሆናል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ባለሙያዋ እመቤት ስማቸውን ባታውቅም ጠባያቸውን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ብርድ ሲበረታ እንደሚሰንፉ፣ ሙቀት ሲበዛ እንደሚያኮመጥጡ፣ የሞተ እርሾም ሊጥ እንደማያነሣ አይጠፋትም። ይኸው ዓይነት ዕውቀት ከቡሃቃው ወጥቶ ወደ እርሻ ሲወርድ ምን ጥቅም ይሰጣል? በተለይም በተክል ሥር የሚኖሩትን ረዳት ተሕዋስያን በመጠቀም፣ ተክሉ የሚሠራውን የመድኃኒት ንጥረ ነገር ማብዛት ይቻላልን? የዚህ ንግግር ርእሰ ነገር ይህ ነው።

መልሱ ባጭሩ «ይቻላል» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ይህ «ይቻላል» የሚባለው ቃል ብቻውን ገበሬውንም ፋብሪካውንም ሕመምተኛውንም አይጠቅምም። በብልቃጥና በሸክላ ማሰሮ የታየ ውጤት በማሳ ላይ ይደገማል ወይ? የጨመረው በመቶኛው ነው ወይስ በሄክታር የሚሰበሰበው የመድኃኒቱ ኪሎ ግራም? ገበሬው በገንዘቡ የሚገዛው እርሾስ ሕያው ነው ወይስ ሙት? እነዚህ ጥያቄዎች ካልተመለሱ፣ ጥሩ ሳይንስ መጥፎ ሸቀጥ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ነገሩም የባዮሎጂ ብቻ ሳይሆን የምሕንድስናም ጉዳይ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ተክል መድኃኒት የሚሠራው ለምንድን ነው?

ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ኮሶ ወይም እንዶድ በውስጣቸው የያዙትን ንጥረ ነገር የሚሠሩት ለሰው ልጅ አስበው አይደለም። ተክል እንደ እንስሳ ከጠላቱ ሸሽቶ ሊያመልጥ አይችልም፤ በተተከለበት ቦታ ሆኖ ተባዩን፣ በሽታውንና የፀሐዩን ሐሩር መቋቋም ይኖርበታል። ስለሆነም መራራውን፣ የሚሸተውንና የሚመርዘውን ነገር ቀምሞ በቅጠሉ፣ በፍሬው ወይም በልጡ ያከማቻል። ይህ ቅመማ ደግሞ ለተክሉ ወጪ ነው። ለእድገት ይውል የነበረው ስኳርና ኀይል ለመከላከያ ስለሚውል፣ ተክሉ ያለ ምክንያት አያባክነውም። በዚህም የተነሣ የአንድ ተክል የመድኃኒት መጠን እንደ ዘሩ፣ እንደ አፈሩ፣ እንደ ወቅቱና እንደ ጎረቤቶቹ ይለያያል።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ለመግደል ወደሚያስችለው ምርምር መርቷል። ከዚያ በኋላ የተከተለው ሥራ ግን «እንዶድ ይገድላል» በማለት አላበቃም። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ ቦታ የተሰበሰቡትን የእንዶድ ዓይነቶች አወዳድረው፣ በኀይሉ የላቀውንና «ኢ-44» የተባለውን ዓይነት መርጠዋል። ሁለቱም ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሁሉም እንዶድ አንድ አይደለም፤ የመድኃኒት እርሻ መጀመሪያው ዘርን መምረጥ ነው። ተሕዋስያን የሚመጡት ከዘሩ ቀጥሎ እንጂ በዘሩ ፋንታ አይደለም።

የአርቴሚሲያ ምሳሌ

ጉዳዩን በአንድ ተክል ላይ አጥብቆ ማየት ይሻላል። ተክሉ አርቴሚሲያ አኑዋ ይባላል። መነሻው እስያ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ለሽታውና ለመድኃኒትነቱ በየጓሮው ከሚበቅለው አሪቲና በደጋው ከሚገኘው ጭቁኝ ጋር አንድ ወገን ነው። በቻይና እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 1967 በተቋቋመው «ፕሮጀክት 523» ውስጥ የተመደቡት ተመራማሪ ቱ ዩዩ፣ በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ሐኪም ጌ ሆንግ ተክሉን በውኃ ዘፍዝፎ ጭማቂውን ስለ መጠጣት የጻፈውን አንብበው፣ «መድኃኒቱን የሚያጠፋው ማፍላቱ ይሆን?» ብለው ጠረጠሩ። ስለዚህም በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚፈላው በኤተር አወጡት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1971 ቁጥር 191 የተባለው ናሙና በአይጦች ላይ የነበረውን የወባ ጥገኛ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። በ1972 ንጥረ ነገሩ ተለይቶ ወጣ፤ እርሱም አርቴሚሲኒን ነው። ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ።

ኢትዮጵያም የዚህ ታሪክ ተካፋይ ናት። ክሎሮኪን ኀይሉ በመድከሙ እ.ኤ.አ. በ1998 በሌላ መድኃኒት ተተካ፤ ያም በተራው ስለ ደከመ ከ2004 ጀምሮ ሕዝቡ «ኮአርተም» በሚለው ስም የሚያውቀው የአርቴሜተርና የሉሜፋንትሪን ጥምር የፋልሲፓረም ወባ ቀዳሚ መድኃኒት ሆነ። አርቴሜተር የሚሠራው ከአርቴሚሲኒን ነው። ለአንድ ዐዋቂ ሕመምተኛ በሦስት ቀን የሚሰጠው 24 ክኒን በድምሩ 480 ሚሊ ግራም አርቴሜተር ይዟል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ግራም አርቴሜተር ከ2,000 ለሚበልጡ ዐዋቂ ሕሙማን ይበቃል ማለት ነው። በቅጠሉ ውስጥ የሚገኘው እያንዳንዱ ግራም ዋጋ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ ተክሉ ይህን ንጥረ ነገር እጅግ ቈጥቦ መስጠቱ ነው። አርቴሚሲኒን የሚሠራው በቅጠሉና በአበባው ላይ በሚገኙ፣ እያንዳንዳቸው ዐሥር ሕዋሳት ባሏቸው የዕጢ ጠጉሮች ውስጥ ነው። መጠኑም ከደረቅ ቅጠሉ ክብደት ብዙውን ጊዜ ከአንድ በመቶ አይበልጥም፤ በአንዳንዱ ዘር ከዚያ እጅግ ያንሳል። የዓለም ገበያም አብሮ ሲዋዥቅ ቈይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ገደማ የአንድ ኪሎ ግራም አርቴሚሲኒን ዋጋ ከ1,000 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር፤ በ2007 ወደ 200 ዶላር ገደማ ወረደ። ዋጋው ሲወጣ የተከለው ገበሬ ሲወርድ ይነቅላል፤ ሲነቅል ደግሞ መድኃኒቱ ያጥራል። በጂን ምሕንድስና የተለወጠ እርሾ የመድኃኒቱን ቀዳሚ ንጥረ ነገር እንዲሠራ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 በኢጣሊያ ፋብሪካ ማምረት ቢጀመርም፣ በዋጋ ከእርሻው ምርት ጋር መወዳደር ስላቃተው ሰፊውን ገበያ አልያዘም። እንግዲህ ተስፋው ተመልሶ የወደቀው በቅጠሉ ላይ ነው።

ከመሬት በታች ያለው ውል

እ.ኤ.አ. በ1885 ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ ሥርና ፈንገስ ተዋሕደው የሚሠሩትን አካል «ሚኮራይዛ» ብለው ሰየሙት፤ ቃሉ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን «የፈንገስ ሥር» ማለት ነው። በአርቴሚሲያና በአብዛኞቹ የእርሻ ተክሎች ሥር የሚገኘው የሚኮራይዛ ዓይነት፣ ወደ ሥሩ ሕዋስ ዘልቆ የትንሽ ዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ አካል ይዘረጋል። ርክክቡ የሚፈጸመው በዚያ ነው። ይህ ውል አዲስ አይደለም፤ በስኮትላንድ በተገኘ፣ ወደ 400 ሚሊዮን ዓመት በሚጠጋ ቅሪተ ተክል ውስጥ ምልክቱ ታይቷል።

ውሉ የሚከተለው ነው። ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ እንደ ናይትሮጅን ከውኃ ጋር በቀላሉ አይጓዝም። ሥሩ በአጠገቡ ያለውን ከወሰደ በኋላ በዙሪያው ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ባዶ ቀጠና ይፈጠራል። በተለይም ኮምጣጣ በሆነው የደጋ ቀይ አፈር፣ ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን አጥብቀው ስለሚይዙት፣ ተክሉ በሀብት መካከል ሆኖ ይራባል። ከሥር ጠጉር እጅግ የቀጠኑት የፈንገሱ ክሮች ግን ባዶውን ቀጠና አልፈው ብዙ ሴንቲ ሜትር ይዘረጋሉ፤ ያገኙትንም ፎስፈረስ ወደ ሥሩ ያጓጉዛሉ። በአጸፋው ተክሉ በፀሐይ ብርሃን ከሠራው ምግብ ከ4 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን በስኳርና በቅባት መልክ ለፈንገሱ ይከፍላል። ይህ ክፍያ ቀላል አይደለም። ስለሆነም ፎስፈረስ የጠገበ ተክል ውሉን ያቀዘቅዛል፤ ማዳበሪያ በበዛበት ማሳ እርሾ መጨመር ብዙውን ጊዜ ከንቱ ድካም የሚሆነው ለዚህ ነው።

ተክሉ ፎስፈረስ ሲጐድለው ፈንገሱን የሚጠራበት መልእክትም አለው። ሥሩ ስትሪጎላክቶን የተባሉትን ንጥረ ነገሮች ወደ አፈሩ ያፈሳል። እነዚህ የፈንገሱን ክር እንዲያቈጠቍጥ እንደሚያደርጉ የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 አሳይተዋል። የሚያሳዝነው ግን ጥሪውን የሚሰማው ወዳጅ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ በማሽላ ሥር ተጣብቆ የሚመጠምጠው አቀንጭራም ዘሩ የሚነቃው በዚሁ መልእክት ነው። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም ምግብ ሽልማትን የተቀበሉት የኢትዮጵያ ተወላጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ሥራ በከፊል የተመሠረተው ይህን ቀስቃሽ መልእክት በሚቀንሱ የማሽላ ዘሮች ላይ ነው። ከመሬት በታች ያለውን ንግግር መረዳት ለመድኃኒት ብቻ ሳይሆን ለእንጀራም ይጠቅማል ማለት ነው።

መድኃኒቱ የሚጨምረው በምን መንገድ ነው?

ሁለት መንገዶች ተለይተው ታውቀዋል። የመጀመሪያው የጥሬ ዕቃ መንገድ ነው። አርቴሚሲኒን 15 ካርቦን ያለው ሲሆን፣ የሚገነባው ባለ አምስት ካርቦን ከሆኑ ሦስት ጡቦች ነው። እያንዳንዱ ጡብ በሁለት የፎስፌት ቡድኖች ተሸክሞ ወደ ግንባታው ይቀርባል። እንግዲህ ፎስፈረስ ሲሟላ የጡብ አቅርቦቱ ይቃናል፤ ቅጠሉም ይበዛል።

ሁለተኛው የማንቂያ ደወል መንገድ ነው። ፈንገሱ ወደ ሥሩ ሲገባ ተክሉ እንግዳ መምጣቱን ያውቃል፤ ወዳጅ መሆኑን ለይቶ ቢቀበለውም የመከላከያ ሥርዓቱን ዝግጁ ያደርጋል። በዚህ ጊዜ ጃስሞኒክ አሲድ የተባለው የተክል ሆርሞን ከፍ ሊል ይችላል። ይህ ሆርሞን ከሥር ርቆ በሚገኘው ቅጠል ላይ የዕጢ ጠጉሮች እንዲበዙ፣ አርቴሚሲኒን የሚሠሩት ኢንዛይሞችም እንዲበረቱ ያደርጋል።

እነዚህን ሁለት መንገዶች ለመለየት በዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ጥናት ጥሩ ምሳሌ ነው። አርቴሚሲያን በሁለት የፈንገስ ዓይነቶች፣ ከፎስፈረስ ማዳበሪያ ጋርና ያለ ማዳበሪያ አበቀሉት። ፈንገሱ ያረፈባቸው ተክሎች በአርቴሚሲኒን መጠንም በዕጢ ጠጉር ብዛትም በልጠው ተገኙ፤ ብልጫውም በተክሉ ውስጥ ባለው ፎስፈረስ ብቻ የሚተረጐም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከዚያው ከተማ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የጃስሞኒክ አሲድን ከፍ ማለትና ኢንዛይሞቹን የሚያዝዙትን ጂኖች መበርታት አሳየ። ስለዚህ «ማዳበሪያ ቢጨመር ኖሮ ያው ይሆን ነበር» የሚለው ክርክር ሙሉ በሙሉ አይቆምም።

ባክቴሪያዎችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። በባቄላና በሽምብራ ሥር እባጭ ሠርተው ናይትሮጅን የሚያቀርቡት ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ1888 በሆላንዳዊው ሊቅ በቤዬሪንክ ከታወቁ ወዲህ በብዙ አገር በፓኬት ይሸጣሉ፤ በኢትዮጵያም ለጥራጥሬ ሰብል ይመረታሉ። እባጭ የማይሠሩ፣ ነገር ግን በሥር ዙሪያ የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎችም አሉ። በወጥ ቤት በሚታወቀው በበሶብላ ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሙከራ፣ ባሲለስ ሰብቲሊስ የተባለው የአፈር ባክቴሪያ የተክሉን መዓዛ ዘይት፣ በተለይም ለቅርንፉድ ሽታውን የሚሰጠውን ዩጂኖልን፣ ከፍ እንዳደረገ አሳይቷል።

መድኃኒቱ የማን ነው?

አልፎ አልፎ ተሕዋሱ ረዳት መሆኑ ቀርቶ ዋናው ባለሙያ ሆኖ ይገኛል። ከኢትዮጵያ የተሰበሰበ፣ አጣጥ ከሚባሉት ዕፀዋት ወገን የሆነ ተክል በአሜሪካ ተመርምሮ፣ ኩፕቻንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1972 ሜይታንሲን የተባለ ነቀርሳን የሚዋጋ ንጥረ ነገር እንዳወጡለት አስታወቁ። መጠኑ ግን እጅግ ጥቂት ነበር፤ ከአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ተክል አንድ ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ1977 የጃፓን ተመራማሪዎች የዚህን ንጥረ ነገር የቅርብ ዘመድ ከአንድ ባክቴሪያ ሲያገኙ ጥርጣሬ ተነሣ፤ ተክሉ ነው የሚሠራው ወይስ በውስጡ ያለ ተሕዋስ? ከብዙ ዓመታት በኋላ በደቡባዊ አፍሪካ በሚገኙ የዚሁ ቤተሰብ ተክሎች ሥር የተካሄደ ምርምር፣ ንጥረ ነገሩን የሚሠሩት በሥሩ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መሆናቸውን አመለከተ። ዛሬ ከባክቴሪያ ምርት ተነሥቶ የሚሠራው የሜይታንሲን ተወላጅ፣ ከፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣምሮ፣ ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ ለአንድ ዓይነት የጡት ነቀርሳ ሕክምና ይሰጣል።

የዚህ ታሪክ ትርጉም ለእርሻ ትልቅ ነው። አንድ የመድኃኒት ተክል ከጫካ ተነቅሎ ወደ ማሳ ሲመጣ ጎረቤቶቹን ትቶ ሊመጣ ይችላል። ዘሩ ያው ሆኖ ሳለ መድኃኒቱ ቢጠፋ፣ ጥፋቱን በዘሩ ወይም በገበሬው ላይ ከመጫን በፊት በሥሩ ውስጥ ማን እንደ ነበረና ማን እንደ ቀረ መመርመር ያሻል።

ሚዛኑ

አሁን ወደ ሒሳቡ መግባት ይገባል። ለምሳሌ ያህል አንድ ሄክታር 2,000 ኪሎ ግራም ደረቅ ቅጠል ይሰጣል፣ በውስጡም 0.8 በመቶ አርቴሚሲኒን አለ ይባል። ድምሩ 16 ኪሎ ግራም ነው። እርሾ ተጨምሮ መጠኑ 1.0 በመቶ ቢደርስና ቅጠሉ ባይቀንስ 20 ኪሎ ግራም ይሆናል። ነገር ግን ተክሉ ለመከላከያው ብዙ አውጥቶ ወይም ለፈንገሱ ብዙ ከፍሎ ቅጠሉ ወደ 1,500 ኪሎ ግራም ቢወርድ፣ 1.0 በመቶው የሚሰጠው 15 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። በመቶኛው አድጎ መድኃኒቱ አነሰ ማለት ነው። ስለዚህ በመቶኛን ብቻ ይዞ የሚቀርብ ማስታወቂያ ግማሽ እውነት ነው።

ለፋብሪካው ደግሞ በመቶኛው የራሱ ዋጋ አለው። ማውጫው በቅጠሉ ካለው 75 በመቶውን ያተርፋል ቢባል፣ 1,000 ኪሎ ግራም አርቴሚሲኒን ለማምረት በ0.8 በመቶ 167 ቶን ያህል ቅጠል ያስፈልጋል፤ በ1.0 በመቶ ግን 133 ቶን ያህል ይበቃል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ቅጠል 10 ሊትር ማሟሚያ ፈሳሽ የሚዘዋወር ከሆነ፣ የ33 ቶን ያህሉ ልዩነት 330,000 ሊትር ያህል የሚቀጣጠል ፈሳሽ ከማሞቅ፣ ከማትነንና መልሶ ከማቀዝቀዝ ያድናል። የጭነቱ፣ የመጋዘኑና የነዳጁ ወጪም በዚያው ልክ ይቀንሳል። እንግዲህ ገበሬው ኪሎ ግራም በሄክታርን፣ ፋብሪካው በመቶኛን ይፈልጋል። ጥሩ እርሾ የሚባለው ሁለቱን የሚያስታርቀው ነው፤ ቅጠሉን የሚገዛው ወገንም በክብደት ብቻ ሳይሆን በውስጡ ባለው መድኃኒት መጠን ካልከፈለ፣ ገበሬው ለጥራት የሚደክምበት ምክንያት አይኖረውም።

እርሾውን ማምረትና መጠበቅ

የሚኮራይዛ ፈንገስ ጠባየ ልዩ ነው። እንደ ጠጅ እርሾ በበርሜል ውስጥ ብቻውን አይባዛም፤ ሕያው ሥር ያስፈልገዋል። በተራ መሣሪያ የሚመረትበት ዘዴ ይህ ነው። የወንዝ አሸዋና አፈር ተደባልቆ በእንፋሎት ይጸዳል፤ የታወቀ ፈንገስ ይጨመርበታል፤ ማሽላ ወይም በቆሎ ይዘራበታል። ከሦስት እስከ አራት ወር ካደገ በኋላ ውኃው ይቋረጣል፤ ተክሉ ሲደርቅ ፈንገሱ ስፖሮቹን ያበዛል። ከዚያም ሥሩ ተቈራርጦ ከአሸዋው ጋር ይደባለቃል፤ እርሾው ይህ ነው። ስፖሮቹ በውኃና በረቂቅ ወንፊት ተለይተው በማይክሮስኮፕ ይቈጠራሉ፤ በሥር ውስጥ ያለው ፈንገስም በቀለም ተነክሮ ይታያል። ወንፊት፣ ማይክሮስኮፕ፣ የእንፋሎት ድስትና ትጉህ ሠራተኛ ካሉ ሥራው በአገር ውስጥ ሊሠራ የሚችል ነው።

አርቴሚሲያ ለዚህ የሚያመች አንድ ጠባይ አለው። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ፣ በአንድ ግራም ውስጥ ከ10,000 በላይ ፍሬ ስለሚገኝ፣ በመደብ ላይ ፈልቶ ይዛወራል እንጂ በቀጥታ ማሳ ላይ አይዘራም። ስለዚህ እርሾውን በሰፊ ማሳ መበተን አያስፈልግም፤ በመደቡ ወይም በችግኙ ጕድጓድ ማኖር ይበቃል። በሄክታር 20,000 ችግኝ ቢተከልና ለእያንዳንዱ 5 ግራም ቢሰጥ፣ ጠቅላላው 100 ኪሎ ግራም ነው፤ ይህም አንድ ኩንታል ማለት ነው።

እርሾውን የሚገድሉትንም ማወቅ ያሻል። በፀሐይ የተቀመጠ ጆንያ፣ የፈንገስ ማጥፊያ የተነከረ ዘርና ከልክ ያለፈ የፎስፈረስ ማዳበሪያ ዋናዎቹ ናቸው። ያለፈው ዓመት ሰብልም ለውጥ ያመጣል፤ ጎመን ዘርና ፌጦ ከሚኮራይዛ ጋር ውል የማይገቡ ስለሆኑ፣ እነርሱ በቈዩበት ማሳ የፈንገሱ ብዛት ይቀንሳል። እንዲህ ባለ ማሳ አዲስ እርሾ ሊጠቅም ይችላል። በአንጻሩ የአገሬው ፈንገስ በሞላበት አፈር፣ ከውጭ የመጣው እርሾ እንግዳ ሆኖ ተሸንፎ ሊቀር ይችላል። ስለዚህም ከየአካባቢው የተሰበሰበ ፈንገስ በቅድሚያ መሞከር አለበት።

ሊዘነጉ የማይገቡ ነገሮች

ተክሉ በረታ ማለት ሻዩ መድኃኒት ሆነ ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የአርቴሚሲያን ቅጠል በሻይ ወይም በዱቄት መልክ ለወባ መጠቀምን አይደግፍም። ምክንያቱም መጠኑ ከቅጠል ቅጠል ስለሚለያይና አነስተኛ መጠን ጥገኛውን ሳይገድል ስለሚያለማምደው ነው። አርቴሚሲኒንን በከፊል ለመቋቋም ምልክት የሆነ የጂን ለውጥ በኢትዮጵያም ተመዝግቧል። ክሎሮኪን የሄደበትን መንገድ ይህም መድኃኒት እንዲሄድ መፍቀድ አይገባም። እርሾው የሚያገለግለው በፋብሪካ ለሚነጠረውና በክኒን ተመጥኖ ለሚሰጠው መድኃኒት ነው። በባህላዊ ዕፀዋትም ላይ እንዲሁ ነው፤ የንጥረ ነገሩ መጠን ሲጨምር አዋቂዎች በልማድ የሚሰጡት ልክ መለወጥ ይኖርበታል፤ ኮሶን ያለ ልክ የጠጣ ሰው የሚደርስበት ጕዳት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው።

በመጨረሻም ማንኛውም እርሾ ለገበሬ ከመሸጡ በፊት በአራት ዓይነት መደቦች ሊፈተን ይገባል። በመጀመሪያው ሕያው እርሾ ይጨመራል፤ በሁለተኛው ያው እርሾ በእንፋሎት ተገድሎ ይጨመራል፤ በሦስተኛው ፎስፈረስ ማዳበሪያ ብቻ ይሰጣል፤ አራተኛው ምንም ሳይጨመርበት ይተዋል። የሞተው እርሾ መደብ ብዙዎች የሚዘሉት፣ ነገር ግን እውነቱን የሚያወጣው እርሱ ነው፤ ሕያውና ሙት እኩል ካፈሩ፣ የጠቀመው አሸዋውና ብስባሹ እንጂ ተሕዋሱ አይደለም። መደቦቹ ተደጋግመው፣ ቦታቸው በዕጣ ተለይቶ፣ ቢያንስ በሁለት ወቅት ሊታዩ ይገባል። ቅጠሉ በጥላ ደርቆ፣ ርጥበቱ ተለክቶ፣ አርቴሚሲኒኑ በሊኩዊድ ክሮማቶግራፊ ሊመረመር ይገባል። በፓኬቱ ላይም የተሕዋሱ ስም፣ በግራም ያለው የሕያዋን ብዛትና የሚያበቃበት ቀን ሊጻፍ ይገባል።

ይህ ሁሉ ከባድ መሣሪያ ወይም የሩቅ ባለሙያ የሚጠይቅ አይደለም። የአፈር ባለሙያው ፈንገሱን፣ የግብርና ባለሙያው ዘሩን፣ ኬሚስቱ ምርመራውን፣ መሐንዲሱ ማድረቂያውንና ማውጫውን ይዞ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጠ፣ አንድ የፈተና ሥርዓት በጽሑፍ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ሳይኖር የሚሸጥ እርሾ በገበሬው ገንዘብ የሚካሄድ ሙከራ ነው። ሥርዓቱ ካለ ግን፣ ገበሬው ቅጠሉን ይዞ ወደ ፋብሪካው በር ሲደርስ የሚከፈለው በእውነት ላመረተው መድኃኒት ይሆናል።